ከድምፅ በፊት ያለው ዕዳ፦ ዘፋኝ የመሆን ሥልጠና በልቦለድና በታሪካችን
(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ጽሑፋዊ ቅጂ)



የንግግሩን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበቡ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን አይቻለሁ። የፖፕ ዘፋኝ ለመሆን ስለምትሠለጥን ልጃገረድ የሚተርክ የታዳጊዎች ልቦለድ ለአንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር የሚመጥን ጉዳይ ነውን? ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም እነሆ አቀርባለሁ። ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ላስቀድም፤ የክንውኖችን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የአማርኛ መጻሕፍትንና የሕጎቻችንን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» እያልሁ እናገራለሁ።

በቅድሚያ ስለምን ዓይነት መጽሐፍ እንደምንነጋገር እንወቅ። ተማሪዎቼ በእጅ ስልካቸው ከሚያነቧቸው የእንግሊዝኛ ልቦለዶች መካከል በ2020 የታተመው «ሻይን» አንዱ ነው። ደራሲዋ ጄሲካ ጁንግ «ገርልስ ጄኔሬሽን» በተባለው የደቡብ ኮሪያ የሴቶች ቡድን ውስጥ ከ2007 እስከ 2014 ድረስ የዘፈነች ናት። መጽሐፉ ሬቸል ኪም የተባለች ኮሪያዊት አሜሪካዊት ልጅ ወደ ሴኡል ሄዳ በአንድ የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ ለዓመታት ስትሠለጥን ያሳያል። በሴራው ያን ያህል የሚያስገርም ነገር የለም፤ ምቀኛ ባልንጀራ አለች፣ የተከለከለ ፍቅር አለ፣ የመድረክ ፍርሃትም አለ። የመጽሐፉ እውነተኛ ክብደት ያለው ከዚህ ሁሉ በታች፣ ልጅቱንና ኩባንያውን በሚያስተሳስረው ውል ላይ ነው። የኮሪያ የሙዚቃ ኩባንያዎች ዐሥራ አንድና ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ተቀብለው ያበላሉ፣ ያሳድራሉ፣ ዘፈንና ውዝዋዜ፣ የውጭ ቋንቋም ያስተምራሉ። ብዙዎቹ ያወጡትን ወጪ ልጁ መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ ከገቢው ላይ ያነሣሉ። ከመቶ ሠልጣኝ ስንቱ ለመድረክ እንደሚበቃ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ያልበቃው ልጅ የሚከስረው ልጅነቱን ነው።

ይህ የልቦለድ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ2009 «ቲቪኤክስኪው» ከተባለው ቡድን ሦስት አባላት ኤስኤም የተባለውን ኩባንያቸውን ከሰሱ። ውላቸው ለዐሥራ ሦስት ዓመት የሚያስር ነበር። የአገሪቱ የንግድ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት የኪነ ጥበብ ሰዎች ውል ከሰባት ዓመት እንዳይበልጥ የሚያመለክት መደበኛ የውል ናሙና አወጣ። የሥልጠና ልቦለድን ስናነብ ልናነሣው የሚገባን ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ድምፁ ገና ገንዘብ በማያመጣበት በዚያ ረዥም ዘመን ልጁን የሚያበላው ማን ነው? በምላሹስ ምን ይወስዳል?

ይህንን ጥያቄ ይዤ ወደ አገራችን ስመለከት፣ ከኮሪያ ኩባንያዎች ብዙ ዘመን አስቀድሞ ድምፅን የሚያሠለጥኑ ቤቶች እንደነበሩን አያለሁ። እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ውል ነበራቸው፤ ውሉ ሁልጊዜ በወረቀት ላይ ባይሰፍርም።

ከዜማ ቤት ልጀምር። ድጓን ለመማር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋምን ለመማር ወደ ጎንደር የሚወርደው የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከየቤቱ ደጃፍ ቁራሽ እየለመነ ለዓመታት ይሠለጥናል። የሚያበላው መምህሩ አይደለም፤ አገሩ ነው። ስለዚህ ዕዳው በአንድ ሰው እጅ አይከማችም። መምህሩ የልጁን ጉልበት ይወስዳል፤ ልጁ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ተምሮ ሲጨርስ ግን ድምፁን የእኔ ነው የሚለው ሰው የለም፤ ወደፈለገው ደብር ሄዶ ያገለግላል። የዚህን ኑሮ ጣዕም ማወቅ የሚሻ ሰው መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ሰምተው ያሰናዱትን «መጽሐፈ ትዝታ»ን ያንብብ። በዚህ በጅማ ዙሪያም የእስልምና ትምህርት ማእከሎች በተለይ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ደረሳ ይስቡ ነበር። የደረሳውም ኑሮ ከቆሎ ተማሪው ኑሮ ብዙ አይርቅም፤ እሱንም የሚመግበው የአካባቢው ሰው ነው። መንዙማን ያደመጠ ሰው በዚያ ውስጥ ምን ያህል የድምፅ ሥልጠና እንዳለ ይረዳል።

ይሁንና ከዜማ ቤት ታሪክ ውስጥ ለልቦለድ ከሁሉ ይልቅ የቀረበው የበዛብህ ታሪክ ይመስለኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ከመማሩ በፊት የተሰጠ ልጅ ነው። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ለቤተ ክርስቲያን በስለት ሰጥተውታል። ልጁ አፉን ሳይፈታ ውሉ ተፈጽሟል ማለት ነው። የተማረው ትምህርት፣ ያገኘው ክብር፣ የወደደው ሰው ሁሉ ከዚያ ስለት ጋር ይጋጫሉ። ይህን ልቦለድ አብዛኞቻችን የምናነበው እንደ ፍቅርና እንደ መደብ ታሪክ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን መጽሐፉን እንደ ሥልጠና ልቦለድ ብናነበው አንድ ሌላ ነገር ይገለጥልናል። ውሉን የፈረሙት ባለ ዕዳው ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ወላጅ ከፍቅር የተነሣ፣ ለልጁ ሕይወት ሲል፣ በልጁ ሕይወት ይዋዋላል። የሴኡሏ ልጅ እናትም ሆነች የበዛብህ እናት ክፉ ሰው አይደሉም። ልቦለድ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው፤ ክስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጠበቃ እንተወው ነበር።

ከዜማ ቤት ወደ ዘመናዊው ሙዚቃ ስንሻገር የመጀመሪያዎቹን ሠልጣኞች የምናገኛቸው ልጆች ሆነው ነው፤ ያውም ወላጅ የሌላቸው ልጆች። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በማርሽ ባንድ የሚጫወቱ አርመናውያን ወጣቶችን አዩ። ከቱርክ ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። ራስ ተፈሪ የኢየሩሳሌምን የአርመን ፓትርያርክ አስፈቅደው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ሆኖ ቀረ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ላይ ዓይኔን የሚይዘው አንድ ዝርዝር ጉዳይ ነው፤ ፈቃድ የተጠየቀው ፓትርያርኩ ነው። ከአርባዎቹ አንዱ ልጅ በመርከቡ ላይ ምን ያስብ እንደነበር የሚነግረን ልቦለድ ቢኖር ምንኛ ባነበብሁት!

አሁን ወደ ራሳችን መንገድ ልምጣ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሁሉ በወሊሶ ያልፋል። ጥላሁን ገሠሠ ያደገው በዚያች ከተማ፣ በአያቶቹ ቤት ነው፤ የተማረውም በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። አያቶቹ በትምህርቱ እንዲገፋ ይሹ ነበር፤ እሱ ግን ልቡ በዘፈን ተይዟል። የሀገር ፍቅር ሰዎች፣ ከነሱም መካከል ኢዮኤል ዮሐንስ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ትርኢት ባሳዩ ጊዜ ልጁ ቀርቦ ፍላጎቱን ነገራቸው። አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበትም ሰማ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለአንድ ልቦለድ መጀመሪያ ምዕራፍ ይበቃል። ልጁ ቤተሰቡን ሳያስፈቅድ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ተነሣ። በዚያ ዘመዱ ዘንድ አደረ፤ በማግሥቱ ወደ አያቶቹ መለሱት። በወሊሶ አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ዳግመኛ ጠፋ፤ በዚህ ጊዜ ጭነት በጫነ መኪና ላይ ተደብቆ ነበር።

ይህንን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው በድል መልክ ነው፤ ልጁ ተነሣ፣ ኮከብም ሆነ። በዚያ ትረካ ውስጥ የጠፉብኝ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በቱሉ ቦሎና በወሊሶ መካከል ያለው የመመለስ ጉዞ ነው። የተመለሰ ልጅ በዚያች ሌሊት እራት ላይ ከአያቶቹ ጋር ምን ተባባለ? ሁለተኛው ከጭነት መኪናው ወርዶ የመጀመሪያውን ሸክላ እስኪያስቀርጽ ድረስ ያሉት ዓመታት ናቸው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ በዚህ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል፤ ማስረጃው የታወቁ ቀኖች ናቸውና። ልቦለድ ጸሐፊ ግን ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

ጥላሁን በ1935 በተቋቋመው በሀገር ፍቅር ማኅበር ተቀጠረ፤ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ልበል፤ የአገራችን ዋነኛው የኮከብ ማሠልጠኛ ይህ የወታደር ቤት ነበረና። የክቡር ዘበኛ ዘፋኝ ደመወዝ፣ መለዮና ማዕረግ አለው፤ ልምምዱም በሰዓት ነው። እንደ ኮሪያው ኩባንያ ተቋሙ ያበላል፣ ያለብሳል፣ ያስተምራል፤ እንደ ኮሪያው ኩባንያም ሠልጣኙ የት እንደሚዘፍን ይወስናል። ከኮሪያ ጋር ያለው ዝምድና ደግሞ በምሳሌ ብቻ አያበቃም። በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የተውጣጣው ከዚሁ ከክቡር ዘበኛ ነው። ልጆቻችን ዛሬ በስልካቸው የሚያዩዋቸው የሴኡል ወጣቶች አያቶች የኢትዮጵያ ወታደር ባዩበት ዘመን፣ የዚያው ጦር ክፍል ባንድ አዲስ አበባ ላይ ዘመናዊውን ዘፈን ያለማምድ ነበር። ይህን የምናገረው ታሪክ ቀልድ እንደሚያውቅ ለማሳየት ያህል ነው፤ ሌላ መደምደሚያ አላወጣበትም።

የወታደር ቤት ውል ምን ያህል እንደሚከብድ የታየው በታኅሣሥ 1960 ነው። የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ጥላሁን ለተወሰነ ጊዜ ታስሯል። አንድ ዘፋኝ መለዮ በመልበሱ ብቻ የአዛዡን ዕዳ ተካፈለ ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ያው ቤት በር የሚከፍት ቤት ነበር። ማሕሙድ አሕመድ ጫማ በመጥረግ ኑሮውን ጀምሮ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት ውጪ በሚጫወቱበት በአሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር እኔ ልሞክር አለ፤ ባንዱም ከዚያ በኋላ አባል አደረገው። በዚህ ታሪክ ላይ ስለ ዕድል ብዙ ተብሏል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ በየምሽቱ ያለ ክፍያ፣ ማንም ተማሪ ነው ሳይለው ዘፈኖቹን ሲያጠና ኖሯል። ተላላኪነቱ ትምህርት ቤቱ ነበር፤ የትምህርት ቤቱንም ክፍያ በጉልበቱ ከፍሏል።

የተቋማቱ ሥልጣን እስከ ሸክላው ድረስ ይደርስ ነበር። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ፤ ዓለማየሁ እሸቴም ከመጀመሪያዎቹ ዘፋኞቹ አንዱ ሆነ። ዛሬ በዓለም የምንታወቅበት የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው ከዚህ ድፍረት የመጣ ነው። ልብ በሉ፤ የሠለጠኑት በመንግሥት ቤት ነው፤ የተሰሙት ከመንግሥት ቤት ሲወጡ ነው።

ሁለት ሰዎችን ደግሞ ከዚህ መስመር ውጪ ላንሣ፤ ሁለቱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ባዕድ አይደሉም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 የተወለደው በጅማ ነው። ቤተሰቡ ምሕንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ላከው፤ እሱ ግን ወደ ሙዚቃ ዞረ፤ በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያም በቦስተን በርክሊ ተማረ። የከፈለለት ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ወደ አገሩ ሲመለስ ማንንም ሳያስፈቅድ ያሻውን መሞከር ይችል ነበር፤ ሞከረም፤ ኢትዮ ጃዝ ያልነው ነገር ከዚያ መጣ። የሀብት ጉዳይ በጥበብ ታሪካችን ውስጥ በቂ አልተነገረበትም የምለው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ዓሊ ቢራ ነው፤ ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2010 የክብር ዶክትሬት የሰጠው። ዓሊ በድሬዳዋ ገና በልጅነቱ «አፍረን ቀሎ» ከተባለው የወጣቶች ቡድን ጋር ተቀላቀለ። ቡድኑ ደመወዝ የሚከፍል ጌታ አልነበረውም፤ ወጣቶቹ በሠርግና በበዓል ላይ እየዘፈኑ እርስ በርስ ተማማሩ። በአፋን ኦሮሞ መዝፈን በጥርጣሬ ዓይን በሚታይበት በዚያ ዘመን ያ ነፃነት ዋጋ ነበረው፤ ቡድኑ ታገደ። ዓሊም በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ከክቡር ዘበኛ ባንድ ገባ። የእኩዮች ሥልጠና ከዕዳ ነፃ ነው፤ ነገር ግን ጠባቂ የለውም። ጅማና አካባቢዋ ላሉ፣ በሁለት ቋንቋ ለሚያስቡ ወጣቶች ከጥላሁን ይልቅ የዓሊ ታሪክ ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ጥሩ የሥልጠና ልቦለድም በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍ አልደነቅም።

ስለ ደርግ ዘመን ኪነት በጥቂቱ ልለፍ። ቀበሌው፣ ከፍተኛው፣ ክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን አቋቋመ፤ ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ለብዙ የገጠር ልጅ ማይክሮፎን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በዚያ ነው፤ የሚዘፈነውም በአብዛኛው የታዘዘ ነበር። ከካሴት ዘመን ጀምሮ ደግሞ ሙዚቃ ቤቶች ለአንድ ሥራ አንድ ጊዜ ከፍለው ሥራውን የግላቸው ማድረግ ልማድ ሆነ። ከዚያም የቴሌቪዥን ውድድሮች መጡ፤ ቀድሞ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው አይድል፣ በኋላም ፋና ላምሮት። ውድድሩ ሥልጠናውን ወደ ተወዳዳሪው ቤት መለሰው። ልጁ ራሱን ያሠለጥናል፣ ራሱ ይጓዛል፣ ራሱ ይለብሳል፤ ቴሌቪዥኑ የሚያየው የተዘጋጀውን ልጅ ነው። ካሜራው ፊት የሚቆመው ልጅ ከጀርባው ምን ያህል ብድር እንዳለ አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቀውም።

የልቦለዳችንን ታሪክ ከዚህ አንጻር ሳየው ክፍተቱ ጎልቶ ይታየኛል። በዓሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ ወርቁ በጥበብ ጥሪና በቤተሰብ ግዴታ መካከል ይዋልላል። ነገር ግን አበራ ጎልማሳ ነው፤ ደመወዝ አለው፤ የሚያስጨንቀው ምርጫ ነው። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ምርጫ የላትም፤ ያላት ፍላጎት ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የዘውጉ ልዩነት ነው፤ የታዳጊዎች ልቦለድ ራሱን የቻለ ዘውግ የሚሆነው ገጸ ባሕሪው በራሱ ስም መፈረም በማይችልበት ዕድሜ ላይ ስለሚገኝ ነው። በማስተምራቸው የአማርኛ ልቦለዶች ዝርዝር ውስጥ ይህችን ልጅ አላገኘኋትም።

እንግዲህ እንፍጠራት። ከጅማ በስተሰሜን ምዕራብ ያለችው አጋሮ ትሁን፤ ወይም ሊሙ ገነት። አባቷ ጥቂት የቡና መሬት ያለው ገበሬ ነው። ልጅቱ በትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ውስጥ ትዘፍናለች፤ በሠርግ ላይ ስትዘፍን ሰዎች በስልክ ቀርጸው አሰራጭተዋታል። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ አሠለጥናታለሁ፣ አስቀርጻታለሁ፣ ቤትና ምግብ በእኔ ይላል። የመጣበት ወር ነሐሴ ነው።

ወሩን ያለ ምክንያት አልመረጥሁም። በቡና አገር ክረምቱ የችግር ጊዜ ነው። ያለፈው ዓመት ገንዘብ አልቋል፤ ቡናው በዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው፤ የሚቀላው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ለትምህርት መጀመሪያ፣ ለሕክምና፣ ለለቅሶ ገንዘብ የቸገረው ገበሬ ከነጋዴ ወይም ከሰብሳቢ ዘንድ አስቀድሞ ተቀብሎ ያልደረሰውን ቡና በርካሽ ይሸጣል። ነጋዴውን ሌባ ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡን በሚያስፈልግበት ቀን ሰጥቷል፤ ቡናውን በረዶ ቢመታው ወይም በሽታ ቢገባበት የሚከስርበት ጊዜም አለ። ገበሬውንም ሞኝ ማለት አይቻልም። ሁለቱም የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ነገር ግን በታኅሣሥ ገበያው ዋጋ ሲያወጣ ልዩነቱ ወደ ማን ኪስ እንደሚገባም ሁለቱም ያውቃሉ።

የልጅቱ አባት ከአዲስ አበባ የመጣውን ሰው ሲያዳምጥ ይህንን የሚያውቀውን ሂሳብ ነው የሚሰማው። ስለ ሙዚቃ ኩባንያ ምንም ላያውቅ ይችላል፤ ያልቀላ ቡና ስለመሸጥ ግን ከማናችንም በላይ ያውቃል። እሺ ይል ይሆን? ልቦለድ ጸሐፊው እዚህ ላይ ሊቸኩል አይገባም። ከሴኡል የተቀዳ ሴራ ይዞ የሚመጣ ጸሐፊ ይህን ምዕራፍ ዘሎ ወደ ልምምድ አዳራሹ መስታወት ይሮጣል። መስታወቱ አጋሮ ውስጥ የለም፤ ሂሳቡ ግን አለ። እናቲቱም ትናገር። በጥቅምት ለቡና ለቀማ የሚፈለግ እጅ ሲጎድል የምታየው እሷ ናት፤ ልጅቱ ከሄደች የማን ቅርጫት ባዶ እንደሚሆን ታውቃለች።

ሕጉ ምን ይላል? በሕጋችን መሠረት ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው፤ የገንዘብ ጉዳዩን የሚፈጽምለት ሞግዚቱ ነው፤ ይኸውም እንደተለመደው ወላጁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም፣ ማለትም ድምፁን ለሰጠው ሰው፣ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ልጅቱ በሕግ ፊት መብት አላት፤ መብቷን ለማን ማስተላለፍ እንዳለበት የሚወስነው ግን በነሐሴ ወር ገንዘብ የቸገረው ሰው ነው። ይህን አንቀጽ በአንቀጽ ለሕግ ተማሪዎቻችን ማስረዳት ይቻላል። የዐሥራ አምስት ዓመት አንባቢ ግን አዋጅ አያነብም። የምታነበው የእኩያዋን ታሪክ ነው፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ልጅቱ ወረቀቱን ተቀብላ «ስንት ዓመት ነው? ብተወው ምን እከፍላለሁ? ዘፈኑ የማን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ አንባቢዋ ሦስቱን ጥያቄዎች ይዛ ትሄዳለች። ጥያቄዎቹ ደግሞ ለዘፈን ብቻ አያገለግሉም፤ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅም የምትፈልጋቸው ናቸው።

አንድ ተቃውሞ ከወዲሁ ይታየኛል፤ ልቦለዱን የምክር መጽሐፍ አደረግኸው ትሉኝ ይሆናል። የምፈራውም ይህንኑ ነው። የታዳጊዎች ሥነ ጽሑፋችን በስብከት የተጎዳ ነው፤ ልጅ ትጠፋለች፣ ትቀጣለች፣ ትጸጸታለች፣ አለቀ። የጥላሁን የጭነት መኪና ግን በዚህ ሕግ አይመራም። ቢጸጸት ኖሮ እኛ ምን እንሰማ ነበር? አያቶቹ ትክክል ነበሩ፤ ልጁም ትክክል ነበር። እውነተኛ ልቦለድ ሁለቱንም ሳያሳንስ መያዝ አለበት፤ ልጅቱ መሄዷን እንድንመኝላት፣ እየተመኘንም እንድንፈራላት ማድረግ አለበት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣውን ሰው አጭበርባሪ እንዳታደርጉት አደራ እላለሁ። ቃሉን የሚጠብቅ፣ ሙዚቃ የሚወድ፣ እሱም ራሱ ባለ ዕዳ የሆነ ሰው አድርጉት። ልጅቱም ድምፅዋ ጥሩ ይሁን፤ ግን እንደ ተአምር ጥሩ አይሁን። ብዙዎቹ ሠልጣኞች ጥሩዎች ናቸው፤ የማይበቁትም ጥሩዎች ናቸው።

የመጻፍ ፍላጎት ያላችሁ ተማሪዎች ብትኖሩ ለሥራው የሚሆን ነገር ከደጃችሁ ሩቅ አይደለም። በሆቴሎች የሚጫወቱትን ሙዚቀኞች መቼ እንደጀመሩና የመጀመሪያውን ኦርጋን በማን ገንዘብ እንደገዙ ጠይቋቸው። የቀድሞ የኪነት አባላት በዚህ ከተማ ውስጥ አሉ፤ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ለልምምድ ሲጠሩ ከምን ሥራ ተነሥተው እንደሚሄዱ፣ አበል ይከፈላቸው እንደሆነ፣ ቡድኑ ሲፈርስ ወዴት እንደሄዱ ማስታወስ የሚችሉት እነሱ ብቻ ናቸው። በውድድር ተሳትፈው ሳያልፉ የተመለሱ ወጣቶችንም ፈልጉ፤ ከአሸናፊዎቹ ይልቅ ስለ ሥልጠናው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ለሕትመት ስማቸውን ግን አትጠይቋቸው። ጥላሁን ከቱሉ ቦሎ ተመልሶ በወሊሶ ያደረባትን ያችን አንዲት ሌሊት የኖሩ ልጆች ዛሬም በዚሁ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ውስጥ አሉ፤ በማግሥቱ ግን ሁሉም መኪና ላይ አልወጡም።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ ለጥያቄዎቻችሁ መድረኩ ክፍት ነው።